የኮቪድ ድጎማ ለአሜሪካ ገበሬዎች፦ ስሙና ገንዘቡ ይታያል፣ ስሌቱስ?

መክሊት_ሚኒሶታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከመጀመሬ በፊት፣ ቀኑንና ዓመቱን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የምኖረው ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ነው። ዙሪያችን በቆሎ፣ አኩሪ አተርና አሳማ ነው። በ2020 ኤፕሪል የሥጋ ፋብሪካዎቹ በኮቪድ ሲዘጉ እዚሁ ነበርኩ። በእኛ በኩል የዎርዚንግተኑ ተዘጋ። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ደግሞ የሱ ፎልሱ። እዚያ ከሚሠራው ብዙው ስደተኛ ነው፤ የእኛም ሰው አለበት። በሽታው መጀመሪያ የመታው እነሱን ነው። ገበሬውም አሳማውን የሚረከበው አጣ። አሳማው በየቀኑ ይበላል፣ ይወፍራል፣ ቦታ ያጣብባል። ብዙዎች ገድለው ለመቅበር ተገደዱ። ስለዚህ መንግሥት ለገበሬው መድረሱን አልቃወምም። መድረስ ነበረበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ገንዘብ ለማን፣ ስንት፣ በምን ስሌት ተከፈለ?

ኤፕሪል 17፣ 2020 የግብርና ሚኒስትሩ ሳኒ ፐርዱ የ19 ቢሊዮን ዶላር እርዳታ አስታወቁ። 16 ቢሊዮኑ በቀጥታ ለገበሬ የሚከፈል ነበር። 3 ቢሊዮኑ ምግብ ተገዝቶበት ለተቸገረ ሰው የሚታደል። ፕሮግራሙ በአጭሩ ሲፋፕ ይባላል። ምዝገባው ሜይ 26 ተጀመረ። በሴፕቴምበር ሁለተኛ ዙር ታወጀ፣ እስከ 14 ቢሊዮን ዶላር። በዚያ ዓመት ከፌዴራል መንግሥት ለገበሬ በቀጥታ የተከፈለው ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ጋር ሲደመር ከ45 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ዓመት አልነበረም።

ለእንስሳት አከፋፈሉ በነፍስ ወከፍ ነበር፤ ማለቴ በከብት ቁጥር። በመጀመሪያው ዙር ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠ አሳማ፣ ከ120 ፓውንድ በታች ከሆነ 28 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 18 ዶላር። ለእርድ ለደረሰ ሰንጋ 214 ዶላር። ለጠቦት 33 ዶላር። ገበሬው ቁጥሩን ራሱ ይሞላል፣ እውነት ነው ብሎ ይፈርማል። ማስረጃ የሚያቀርበው ከተጠየቀ ነው።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። የተከፋዩን ስም፣ ከተማውንና የወሰደውን ጠቅላላ ገንዘብ ማንም ሰው ማየት ይችላል። ስንት አሳማ፣ ስንት ኤከር ብሎ እንደፈረመ ግን ማየት አይችልም። የ2008ቱ የእርሻ ሕግ አንቀጽ 1619 ገበሬው ስለ እርሻው ለመንግሥት የሰጠውን መረጃ ዘግቶታል። እና እኔ ታክስ ከፋይዋ ምን ልመርምር? አንድ ሰው 180 ሺህ ዶላር ወሰደ የሚል መስመር አያለሁ። ትክክል ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ይህ ግማሽ ግልጽነት ነው እላለሁ። እናንተስ?

---

ጋሼ_ዳላስ፦

ልጄ መክሊት፣ ጽሑፍሽ ጥሩ ነው፤ በአንዱ ነገር ግን አልስማማም።

ያደግሁት ከብት ካለበት ቤት ነው። እኛ ዘንድ የሰው ከብት አይቆጠርም። ስንት ላም አለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ባለቤቱም ቢጠየቅ በቁጥር አይመልስም። ዓይን ይፈራል፣ ግብር ይፈራል፣ ሌባም ይፈራል። የአሜሪካ ገበሬም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። የከብቱ ቁጥር ማለት የሀብቱ ልክ ነው። እኔ የባንክ ሒሳቤ በኢንተርኔት ቢለጠፍ ደስ አይለኝም።

ደግሞ ሒሳቡን ካወቅሽ ምን ቀረ? ገንዘቡን ለተመኑ አካፍዪው። የከብቱ ቁጥር ቁጭ ይልልሻል። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ተገልጧል ባይ ነኝ።

---

ሰነድ_አንባቢ፦

ጋሼ፣ ማካፈሉ አይሠራም። ምክንያቱን ላስረዳዎት።

አንድ የሚኒሶታ ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ በቆሎም አኩሪ አተርም አሳማም አለው። አሳማው ብቻውን ሦስት ተመን አለው፦ ትንሹ 28፣ ትልቁ 18፣ ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 በጋጣ ለነበረው ደግሞ 17 ዶላር። በቆሎው በቡሼል፣ በእህል መስፈሪያ ማለት ነው፣ ይሰላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ ጣሪያ ነበረው። አንድ ሰው ከ250 ሺህ ዶላር በላይ አይወስድም ነበር። ሺህ ሰንጋ የሸጠ በተመኑ 214 ሺህ ይደርሰዋል። አምስት ሺህ የሸጠ ግን ያው 250 ሺህ ላይ ይቆማል። ከመጨረሻው ቁጥር ተነስቶ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም።

የመጀመሪያው ዙር አከፋፈል ራሱ በሁለት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ 80 በመቶ ተሰጠ፣ ቀሪው በኋላ መጣ።

ስለ ጣሪያው አንድ ልጨምር። ኩባንያ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤልኤልሲ፣ ሦስት ባለድርሻዎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 400 ሰዓት እርሻው ላይ ከሠሩ ወይም ካስተዳደሩ እስከ 750 ሺህ ዶላር ይፈቀድ ነበር። በሽርክና የሚያርሱ ከሆነ ደግሞ ጣሪያው በእያንዳንዱ ሸሪክ ላይ ነው እንጂ በሽርክናው ላይ አይደለም። ዝርዝሩ ላይ የሽርክና ስም ከሚሊዮን ዶላር ጋር ካያችሁ ሕግ ተጣሰ ማለት ላይሆን ይችላል። ከጀርባው ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ ይጠይቃል።

---

ሹፌሩ_ዲኤምቪ፦

እኔ በሌላ በኩል ልግባ። በ2020 ፒፒፒ፣ መንግሥት በኮቪድ ለተጎዱ ንግዶች ያቀረበውን ብድር፣ ወስጃለሁ። መኪናዬ ቆሞ ነበር፣ አየር ማረፊያው ባዶ ነበር። ስሜም፣ አድራሻዬም፣ የወሰድኩት ገንዘብም ዛሬ ኢንተርኔት ላይ አለ። ፒፒፒ የወሰደ ሁሉ እንደዚያው ነው፤ የምግብ ቤት ባለቤቱም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ፀጉር ቤቱም።

አልከፋኝም። የሕዝብ ገንዘብ ነው። የወሰድኩት ተገቢ ስለነበር የምደብቀው የለኝም። የእኔ ስም ከወጣ የገበሬው ሒሳብ የሚሸፈንበት ምክንያት አይገባኝም።

---

መክሊት_ሚኒሶታ፦

ወንድሜ ሹፌሩ፣ የፒፒፒው ታሪክ ራሱ ለዚህ ክር ትልቅ ማስረጃ ነው። እንዲህ በቀላሉ የወጣ እንዳይመስላችሁ።

ፒፒፒን ይመራ የነበረው የአነስተኛ ንግድ አስተዳደሩ መጀመሪያ ስም አላወጣም ብሎ ነበር። ጫናው ሲበዛ በጁላይ 2020 ከ150 ሺህ ዶላር በላይ የተበደሩትን ስም አወጣ፤ ትክክለኛውን ገንዘብ ግን አልገለጸም፣ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ብቻ አስቀመጠው። አብዛኛው ተበዳሪ ከ150 ሺህ በታች ስለነበር ስሙ አልታየም። ዋሽንግተን ፖስትና ሌሎች የዜና ድርጅቶች ከሰሱ። በኖቬምበር ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ ይውጣ ብለው ፈረዱ። ዲሴምበር 1፣ 2020 ሁሉም ስምና ገንዘብ ወጣ።

ከዚያ ምን ሆነ? በሜይ 2021 ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት ዝርዝሩን አገላብጦ በሌሉ ድርጅቶች ስም የተሰጡ 378 ብድሮች አገኘ። ተደምረው ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ናቸው። አብዛኞቹ እርሻ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። የድንች እርሻ በፍሎሪዳው የባሕር ዳርቻ ከተማ በፓልም ቢች። የብርቱካን እርሻ በሚኒሶታ! እዚህ ክረምቱን የቀመሰ ሰው ይፍረደኝ። በዚህ ብርድ ብርቱካን የሚያበቅል ሜዳ የለም። ሐሰቱ የታወቀው ስምና አድራሻ ስለታየ ነው። ጋዜጠኞቹ ተበዳሪ የተባሉትን ሰዎች ፈልገው ጠየቋቸው፤ እርሻም የላቸውም።

የሲፋፑን መዝገብ ግን እንዲህ መመርመር አይቻልም። ገበሬው በእርግጥ አለ፣ አድራሻውም እውነት ነው። 400 አሳማ ሸጦ 900 ብሎ ከፈረመ ዝርዝሩ አይነግረንም።

---

የጎጃም_ልጅ፦

ገበሬ ይዋሻል እያልሽ ነው እህቴ? ይህ ከበደኝ። በዘር ወቅት ፎርም ይዘው ካውንቲ ቢሮ ስልክ የሚደውሉ ሰዎች ናቸው። ቢሮው በኮቪድ ምክንያት ለባለጉዳይ ዝግ ነበር። በዚያ ሁኔታ በፊርማ ከማመን ሌላ ምን ይደረግ ነበር? ማስረጃው ተጣርቶ ይከፈል ቢባል ገንዘቡ የሚደርሰው እርሻው በሐራጅ ከተሸጠ በኋላ ነው።

---

መክሊት_ሚኒሶታ፦

ፈጥኖ መክፈሉ ትክክል ነበር፤ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። ገበሬ ሁሉ ይዋሻልም አላልኩም፣ ልልም አልችልም። የጎረቤቶቼን ድካም አውቀዋለሁ።

ግን ፈጥነህ በእምነት ከከፈልክ በኋላ መፈተሽ አለብህ። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት፣ ጋኦ የሚሉት፣ በ2022 ሪፖርት አውጥቷል። በሲፋፕ የተከፈለው በጠቅላላው ከ31 ቢሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን ገልጾ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ክፍያዎቹን ያኔ ያደርግ ከነበረው ይበልጥ አጥብቆ መመርመር አለበት ብሏል። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የመንግሥት ኦዲተር ነው። ውስጡ ያለው ፍተሻ ደካማ ከሆነ ከውጭ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ከውጭ ለሚያየው ደግሞ በሩ ዝግ ነው።

---

ሰነድ_አንባቢ፦

አሁን የምናየው ስምና ገንዘብ ራሱ ከየት እንደመጣ ብታውቁ ጥሩ ነው። ማንም በቸርነት የሰጠን አይደለም።

በ1996 ዋሽንግተን ፖስት የግብርና መሥሪያ ቤቱን ከሶ ፍርድ ቤቱ የድጎማ ተቀባዮች ስም ይውጣ አለ። ኢንቫይሮመንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው ድርጅት ያንን መንገድ ተከትሎ በመረጃ ነጻነት ሕጉ፣ በፎያ፣ መዝገቡን እየጠየቀ ከ2001 ጀምሮ ማንም ሰው በስም የሚፈልግበት ድረ ገጽ ከፈተ። ገበሬው ማኅበረሰብ በጣም ተቆጣ። በ2008 ደግሞ የዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከስምም አልፎ የእርሻ መረጃው፣ የማሳው ካርታ ጭምር፣ ይሰጥ ብሎ ወሰነ። የሕዝብ ጥቅም ከግል ምሥጢር ይበልጣል የሚል ነበር ፍርዱ።

ኮንግረስ የመለሰው በዚያው ዓመት ነው። መክሊት የጠቀሰችው አንቀጽ 1619 ያኔ ገባ። ማሳውን፣ ካርታውን፣ የእርሻውን ዝርዝር ዘጋ። ግን እዚያው አንቀጽ ውስጥ አንድ ሐረግ አለ፦ የተከፋዮች ስም፣ አድራሻና ክፍያ ይህ ክልከላ አይመለከተውም ይላል። ዛሬ ስለ ሲፋፕ ማውራት የቻልነው በዚያች ሐረግ ነው። የሰብል ኢንሹራንስን ብታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል። እዚያም መንግሥት ከዓረቦኑ ትልቁን ድርሻ ይከፍላል፤ የተቀባዮቹ ስም ግን በሕግ ዝግ ነው።

---

እንጀራ_ቤት_ሲያትል፦

ክሩን ሳላጨናንቅ አንድ ነገር ልበል። በሁለተኛው ዙር ጤፍም ነበረበት! የሚከፈለው በኤከር 15 ዶላር ነበር። ከአጃ፣ ከኪኖዋ፣ ከሰሊጥ፣ ከሩዝ ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው የገባው። የአይዳሆ ጤፍ የምንገዛ ሰዎች ይህን ማወቁ ደስ ይለናል።

---

መክሊት_ሚኒሶታ፦

ይህ ለእኔም አዲስ ነው፣ አመሰግናለሁ። እና ተመልከቺ፣ ጤፍ ብቻ የሚያመርት ሰው ቢኖር በ15 ማካፈል ይቻል ነበር። ጤፍ፣ ስንዴና ከብት ያለው ግን አንድ ድምር ሆኖ ይወጣል።

---

አዜብ_ፍራንክፈርት፦

ከአውሮፓ በኩል ልንገራችሁ፤ ጋሼ ያነሱት ጉዳይ እዚህ ፍርድ ቤት ደርሷል።

የአውሮፓ ኅብረት የእርሻ ድጎማ የሚወስዱ ሰዎችን ስምና ገንዘብ በኢንተርኔት ማውጣት ጀምሮ ነበር። እኔ የምኖርበት የሄሰን ክልል ገበሬዎች ግላችን ተነካ ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ዘንድ፣ ደረሰ። ኖቬምበር 9፣ 2010 ፍርድ ቤቱ ለገበሬዎቹ ፈረደ። ትንሽ የወሰደውንም ብዙ የወሰደውንም፣ አንዴ የወሰደውንም ሁልጊዜ የሚወስደውንም ሳይለዩ የግለሰብ ስም በጅምላ መለጠፍ ከልክ ያለፈ ነው አለ። የግለሰቦች ስም ከድረ ገጹ ወረደ። የኩባንያዎቹ ቀረ።

ግን በዚያ አላበቃም። በ2013 አዲስ ሕግ ወጥቶ ስሙ ተመለሰ። አሁን በጣም ትንሽ የሚወስዱት፣ እስከ 1,250 ዩሮ ድረስ፣ ስማቸው አይወጣም። የሌላው ይወጣል። መክሊትን የሚጠቅማት ነጥብ ይህ ነው፦ የሚወጣው ድምሩ ብቻ አይደለም። ለየትኛው ዓይነት ድጎማ ስንት እንደተከፈለ ተለይቶ ይጻፋል። መረጃው ድረ ገጹ ላይ የሚቆየውም ለሁለት ዓመት ነው። የገበሬው ማሳ ካርታ አልተለጠፈም፣ ስሌቱ ግን ከእኛ የተሻለ ይታያል... ከእናንተ ማለቴ ነው።

---

ከወሎ፦

ሰላም ወገኖች። እኔ የምጽፈው ከሀገር ቤት ነው። ሴፍቲኔት ላይ ሠርቻለሁ።

በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ጀምሮ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ለሕዝብ እንዲለጠፍና በቀበሌ ስብሰባ እንዲነበብ መመሪያው ያዝዛል። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም አለ። ሲነበብ አንዱ ይነሳና እገሌ በሬ አለው፣ ሊገባ አይገባም ይላል። ሌላው ደግሞ ያቺ ባልቴት ለምን ተዘለለች ይላል። ሁሉም ቦታ በትክክል ይፈጸማል አልልም። ሲፈጸም ግን ትልቅ ነገር ነው። ጋሼ፣ ከብት መቁጠር ነውር መሆኑን እኔም አውቃለሁ። እርዳታ ሲመጣ ግን ነውሩ ይነሳል፤ ሰው የጎረቤቱን ከብት ያውቃል፣ ይናገራልም።

---

ጋሼ_ዳላስ፦

የወሎው ወንድሜ ያልከው እውነት ነው። በስብሰባ ላይ እርስ በርስ የሚተዋወቅ ሰው ሲነጋገርና መላው ዓለም በኮምፒውተር ሲያየው ግን አንድ አይደለም።

---

ሰብለ_አትላንታ፦

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ዝርዝሩ ስም ያሳያል፣ ማን ተዘለለ የሚለውን አያሳይም። ቶም ቪልሳክ በ2021 ሚኒስትር ሆነው ሲመለሱ ለዋሽንግተን ፖስት የተናገሩትን አስታውሳለሁ። ወደ 26 ቢሊዮን ዶላር ከሚጠጋው የኮቪድ የእርሻ እርዳታ ለጥቁር ገበሬዎች የደረሰው 20.8 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው ብለዋል። ከመቶ አንድ እንኳ አይደለም፤ ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም።

አንዱ ምክንያት ስሌቱ ነው። ክፍያው በከብትና በምርት ብዛት ከሆነ ብዙ ያለው ብዙ ይወስዳል። መሬቱን በአድልዎ የተነጠቀ ሰው ልጅ በትንሽ ማሳው ትንሽ ያገኛል። ኮንግረስ በማርች 2021 ለጥቁርና አድልዎ ለደረሰባቸው ሌሎች ዘሮች ገበሬዎች 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የዕዳ ስረዛ ፈቅዶ ነበር። ነጭ ገበሬዎች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቶች አገዱት፣ በ2022 ሕጉ ተሻረ። በምትኩ ከመሥሪያ ቤቱ ብድር ሲጠይቁ አድልዎ ለደረሰባቸው 2.2 ቢሊዮን ተመደበ፤ ገንዘቡ የደረሳቸው በ2024 ነው፣ ከ43 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች። የሲፋፑ ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ እንደተከፈለ አትርሱ።

---

መክሊት_ሚኒሶታ፦

ሰብለዬ፣ ይህን ስላነሳሽ አመሰግናለሁ። ያ ቁጥር ባይነገር ማን ያውቅ ነበር? ከሰነዱ የወጣ ቁጥር ነው እንጂ ከሐሜት አይደለም።

የሁላችሁንም አንብቤ ሐሳቤ ይበልጥ ጠርቶልኛል። የምጠይቀው የማሳ ካርታ አይደለም። የከብት ቁጥርም ይቅር። የአዜብ አገር እንደሚያደርገው ክፍያው በዓይነት ተለይቶ ይውጣ፦ ለአሳማ ይህን ያህል፣ ለበቆሎ ይህን ያህል፣ ለወተት ይህን ያህል። መሥሪያ ቤቱ በስቴትና በምርት ዓይነት የተደመረ ቁጥር ራሱ ሲያወጣ ነበር። ስለዚህ መረጃው እጁ ላይ አለ። ሽርክና ከሆነ ደግሞ የሸሪኮቹ ቁጥር ከጎኑ ይጻፍ።

---

ሹፌሩ_ዲኤምቪ፦

ይህን በፎያ መጠየቅ ይቻላል? እኔም እፈርማለሁ።

---

ሰነድ_አንባቢ፦

መጠየቅ የማንም መብት ነው፤ ዜግነትም አይጠየቅም። ሕጉ ከ1966 ጀምሮ አለ። መሥሪያ ቤቱ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘገያል። ጥያቄያችሁን ጠባብ አድርጉት። አንድ ካውንቲ፣ አንድ ዙር፣ ክፍያ በምርት ዓይነት ተለይቶ በሉ። 1619ን ጠቅሰው እምቢ ካሉ የክፍያ መረጃ በዚያው አንቀጽ ከክልከላው ውጭ መሆኑን ጠቅሳችሁ ይግባኝ በሉ። የከብት ቁጥር ከጠየቃችሁ ትወድቃላችሁ። ክፍያ ከጠየቃችሁ መከራከሪያ አላችሁ።

---

ጋሼ_ዳላስ፦

እንዲህ ከሆነ እኔም ተቃውሞዬን አለዝባለሁ። በዓይነት ተለይቶ ይውጣ። ነገር ግን እንደ አውሮፓው ትንሹ ገበሬ ይተው። ወሰኑ ግን ከፍ ይበል፤ ከ25 ሺህ ዶላር በታች የወሰደ ሰው ስሙ አይነሳ። ያ ሰው ኑሮውን ሊያተርፍ እንጂ ሊከብር አልወሰደም።

---

መክሊት_ሚኒሶታ፦

ጋሼ፣ በዓይነት መለየቱን ስለተቀበሉልኝ ደስ ብሎኛል። ወሰኑ 1,250 ከሆነ እኔም እስማማለሁ። 25 ሺህ ግን አይሆንም። የ378ቱን ሐሰተኛ ብድሮች ያስታውሱ፦ 7 ሚሊዮኑ ሲካፈል በአማካይ ለአንዱ 18 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። እርስዎ ባሉት ወሰን አብዛኞቹ ባልታዩ ነበር። የሚኒሶታው ብርቱካንም እስከ ዛሬ እርሻ ተብሎ በመዝገብ ላይ ይኖር ነበር።

የካውንቲዬን ጥያቄ ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። ሰነድ አንባቢ፣ ከመላኬ በፊት ብታይልኝ ደስ ይለኛል።